የጠየቅሽኝ ስለ ማዕተቧ ነው

ደብዳቤው የመጣው ከደሴ ነው። በደብተር ወረቀት፣ ከፊትም ከኋላም ተጽፎበታል። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቋ 16 ዓመቷ ነው። በ2014 ሱቃችን ከተዘረፈ ወዲህ ባለቤቴ እንደ ድሮው አልሆነም። እኔ አምባሻ እየጋገርኩ ሰኞ ገበያ አካባቢ እሸጣለሁ። ዕዳ አለብን። የሰንበቴ ማኅበራችን አባል የሆነ ሰው ልጅሽን ሳዑዲ ላስገባልሽ አለኝ። ምንም አትከፍሉም ብሎናል። ለመዘጋጃ ብሎም 30 ሺህ ብር ሰጥቶኛል፤ እስካሁን አልነካሁትም። የልደት ካርዷንና ፎቶዋን ወስዷል፤ ዕድሜዋን 23 ያደርግልናል። በአውሮፕላን ካልተሳካ በባቲ በኩል መንገድ አለ ይላል። እሷም እሺ ብላለች። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ነገር ነው። ስሟ ወደ ሙስሊም ስም ይቀየራል፣ ማዕተቧንም ትፈታለች አለኝ። ይህ ክህደት አይሆንባትም? የንስሐ አባቴን ለመጠየቅ አፈርኩ። የእርስዎ ልጅ ብትሆን ምን ያደርጉ ነበር?»

እህቴ፣ አብሽሪ። ክፉ እናት ብትሆኚ ገንዘቡን ሳትነኪ ደብዳቤ አትጽፊም ነበር።

መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ። እኔ ካህን አይደለሁም፤ እንደ አንዲት ምእመን ነው የምነግርሽ። በ80 ቀኗ ክርስትና ያስነሳሻት ልጅ ክሩ ስለተፈታ ጥምቀቷ አይፈታም። ተገድዳ፣ እንጀራ ፍለጋ አንገቷን ባዶ ያደረገች ልጅ ላይ እግዚአብሔር ፊቱን ያዞራል ብዬ አላምንም። የሚጠየቅ ካለ ያስፈታት ነው። የንስሐ አባትሽን ግን ጠይቂያቸው። አሳፋሪ ነገር የሠራው ሌላ ሰው ነው፤ አንቺ ምን አሳፈረሽ?

የስሙ ነገር ግን ከክህደት ሌላ ጣጣ አለው። ሰውየው አሠሪዎች ሙስሊም ሠራተኛ ይመርጣሉ ብሎሽ ይሆናል። ይሁን። አሁን አስቢው። ልጅሽ በማታውቂው ስም፣ በማታውቂው ዕድሜ፣ ምናልባትም በማታውቂው የአባት ስም ፓስፖርት ይወጣላታል። ከስድስት ወር በኋላ ስልኳ ይጠፋል። ሪያድ ኤምባሲ ወይም ጂዳ ቆንስላ ብታስጠይቂ የምትጠሪው ስም የትኛውም ወረቀት ላይ የለም። ሆስፒታል ብትገባ፣ እስር ቤት ብትሆን፣ ከዚያም የከፋ ቢመጣ፣ በዝርዝሩ ላይ ያለችው ሌላ ልጅ ናት። ስም የሚቀየረው ለዚህ ነው ማለቴ አይደለም። ስሟ ሲቀየር የሚሆነው ግን ይህ ነው። ደላላውን ብትጠይቂውም «እንደዚህ የምትባል ልጅ አላውቅም» ቢልሽ አልዋሸም።

እንግዲህ ሳትጠይቂኝ ወዳለፍሻቸው ነገሮች ልምጣ። እኔን እንቅልፍ የነሱኝ እነሱ ናቸው።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባልሽ አለ፣ ሰውየው አለ፣ ዕዳው አለ። ልጅሽ የተናገረችው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «እሺ»። እናቷ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ ሊጥ ስትጋግር እያየች የምታድግ ልጅ ምን ትበል? እሺ ከማለት ሌላ ምን ቃል ሰጠናት? ሕጉም ይህን ያውቃል። በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሕፃንን እሺታ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ከ18 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ለብዝበዛ ብሎ የመለመለ፣ ያጓጓዘ ወይም የተቀበለ ሰው፣ ባያስገድዳትም ባያታልላትም፣ በሰው ነግዷል። 16ን 23 የሚያደርገው ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ባያውቅማ ምን አስለወጠው?

«ምንም አትከፍሉም» ማለቱ ብቻውን አያስጠረጥርም። በሕጋዊው የውጭ አገር ሥራ ስምሪትም የቪዛውና የአውሮፕላን ትኬቱ ወጪ የአሠሪው ነው፤ ሠራተኛዋ የምትሸፍነው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያለውን ነው። የሚያስጠረጥረው እሱ ለአንቺ መክፈሉ ነው። ገበያ ውለሽ የምታድሪ ሴት ነሽና በገበያ ቋንቋ ልንገርሽ። በሬ የሚገዛ ሰው፣ በሬው ለሌላ እንዳይሸጥበት አስቀድሞ የሚሰጣት ገንዘብ ምን ትባላለች? ቀብድ። በፌስታል አስረሽ ያስቀመጥሻት 30 ሺህ ብር ቀብድ ናት።

ቀብዷ ደግሞ ልጅቷ ጀርባ ላይ ትወጣለች። ነገ «መመለስ እፈልጋለሁ» ስትል «የእናትሽን 30 ሺህ፣ የወረቀቱን፣ የመንገዱን ክፈይ» ትባላለች። እዚያ ያለችው መዳምም ለኤጀንሲ የከፈለችው ብዙ ሺህ ሪያል አለ። ከፋላ በሚባለው ሥርዓት ሠራተኛዋ በአንድ አሠሪ ስም ነው የምትታሰረው። ብዙ ጊዜ ፓስፖርቷን አሠሪዋ ትይዛለች። ከቤት ከወጣች «ጠፍታለች» ተብላ ልትታሰር ትችላለች። ሳዑዲ በመጋቢት 2013 ሠራተኛ አሠሪ እንዲቀይር የሚፈቅድ ማሻሻያ ስታደርግ እንኳን የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም ነበር። ከዚያ የተመለሱ ልጆችን ጠይቂያቸው። ብዙዎቹ «ገዝቼሻለሁ» የሚለውን ቃል በጆሯቸው ሰምተውታል።

ልጆች ሳለን ማታ ደጅ ስንቆይ «ባሪያ ፈንጋይ ይወስድሻል» እያሉ ያስፈራሩን ነበር። ተረት ይመስለኝ ነበር። ተረት አልነበረም። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ነው፤ ያንን ዘመን በዓይናቸው ያዩ አያቶች ነበሩን። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከመሀል አገር ባሪያ እየነዳ በአፋር በረሃ የሚወርደው ነጋዴ መድረሻው ታጁራ ወደብ ነበር። ዛሬ የእኛ ልጆች ጀልባ የሚሳፈሩባት የጅቡቲዋ ኦቦክ ከታጁራ ብዙ አትርቅም። መንገዱ ያው የድሮው መንገድ ነው ማለት ነው። የዛሬው ነጋዴ ግን ጅራፍ አይዝም። ስልክ ይዟል፣ ሰንበቴ ይቀመጣል፣ ለቤተ ክርስቲያንም ምንጣፍ ይገዛል።

ስለ ሰውየው እንዲህ መናገሬ ሳያስከፋሽ አይቀርም። አብራችሁ ጽዋ የምትጠጡ ሰው ነው። ዘፍጥረት ምዕራፍ 37ን እንደገና አንብቢው። ዮሴፍን የሸጡት ወንበዴዎች አይደሉም። ይሁዳ ምን አለ? «ኑ፥ ለእስማኤላውያን እንሽጠው፥ እጃችን ግን በእርሱ ላይ አትሁን፥ ወንድማችን ሥጋችን ነውና።» ይህችን ጥቅስ ባነበብኩ ቁጥር እቆማለሁ። ሥጋችን ነውና እንሽጠው! ከመግደል ሲሻል ቸርነት መስሎታል። የእናንተም ማኅበርተኛ ልጅሽን ሲሸጥ እየረዳሽ ይመስለው ይሆናል። ልቡን አላውቅም። ሥራውን ግን ከደብዳቤሽ አይቼዋለሁ።

ኦሪት ዘጸአት 21 ላይ ሰውን ሰርቆ የሚሸጥ ሞት ይፈረድበታል። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ «ሰዎችን ለሚሰርቁ» ብሎ ከነፍሰ ገዳዮች ጋር ደርቦ ቆጥሯቸዋል። እኔ በዕድሜዬ ጾም ስለ መግደፍ የሰማሁት ስብከት ተቆጥሮ አያልቅም። ሰውን ስለ መሸጥ ግን አንድም አልሰማሁም። ይህን የምለው አባቶችን ለመንቀፍ አይደለም። እኛ ራሳችን በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ተገናኝተን «የእገሊት ልጅ ገባችላት፣ ያንቺዋስ መቼ ነው?» ስንባባል ነው የምንውለው።

አደራ፣ ነገሩን የእስላምና የክርስቲያን ጉዳይ አታድርጊው። ከሐርቡ፣ ከከሚሴ፣ ከባቲ የሚሄዱት ልጆች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ እነሱም እኩል ይሸጣሉ። ጨካኝ መዳም አለች፣ እንደ ልጇ የምትይዝ መዳምም አለች። ልጅሽን ለመሸጥ የተስማማው ግን ማዕተብ ያሰረ ሰው ነው።

ስለ ባቲው መንገድ ረጅም አልናገርም፤ አንድ ሕፃን ልጅ ለዚያ መንገድ መታጨቷን ሳስብ እጄ ይንቀጠቀጣል። ከባቲ ሚሌ፣ ከሚሌ ሎጊያ፣ ከዚያ ጅቡቲ በረሃ፣ ኦቦክ፣ ባሕር። ሐምሌ 27 ቀን 2017 የመን አቢያን አጠገብ የሰጠመችው ጀልባ የጫነቻቸው አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹ አልተረፉም። ባሕሩን የተሻገረ ደግሞ የመን ላይ አጋች ይጠብቀዋል። እየደበደቡት ወደ ቤት ያስደውሉታል፤ እናት በሬዋን ሸጣ ትልካለች። ከአጋች ያመለጠ በሰሜን የመን ያለችውን ሰዓዳን አልፎ ተራራማው የሳዑዲ ድንበር ላይ ይደርሳል። የሰብአዊ መብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዋች በነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት፣ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ባለው ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን እዚያ መግደላቸውን ጽፏል። ሰውየው «መንገድ አለ» ያለሽ ይህን ነው።

«የእርስዎ ልጅ ብትሆን» ብለሽ ጠይቀሽኛል። የሌላ ሰው ልጅ በነበረች ጊዜ ያደረግሁትን ልንገርሽ፤ ስሜን ለማሳመር የሚሆን ታሪክ አይደለም። በ2003 ነው። ጎረቤቴ ልጇን ልትልክ ምስክር አጣች። ልጅቷ ከ17 አትበልጥም። አንድ ቢሮ ሄጄ «24 ዓመቷ ነው፣ ስትወለድ አውቃለሁ» ብዬ ፈረምኩ። ስትወለድ ማወቄ እውነት ነው፤ ለገንፎው ቅቤ ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። አንድ ሻይ ተጋብዤ ተመለስኩ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

በ2006 ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ያቺ ልጅ ከተመላሾቹ አንዷ ነበረች። ሻንጣ አልነበራትም። ሰፈሩ ተሰብስቦ «ስንት ይዘሽ መጣሽ?» እያለ ጠየቃት። እኔም ሄድኩ፣ ሳምኳት። ቡና ስትቀዳ የግራ እጇን ከነጠላው ውስጥ አታወጣም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ዛሬም ድረስ አልጠየቅኳትም። እሷ ግን ፊርማዬን ታውቀዋለች። መንገድ ላይ ስንገናኝ «እትዬ፣ ደህና ዋልሽ?» ትለኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጡኝ፤ ፈጸምኩት። ፊርማው ግን እዚያ ወረቀት ላይ አለ።

ስለዚህ ልጄ ብትሆን አልልካትም። አሁን አልልካትም።

«አሁን» ያልኩት አውቄ ነው። ሠርቶ መብላት ኃጢአት አይደለም፤ ውጭ አገር ሄዶ መሥራትም ኃጢአት አይደለም። በሰላም ሄደው በሰላም የመጡ፣ ለእናታቸው ቆርቆሮ ቤት የሠሩ አሉ። የምናውቃቸውን ሰዎች «የሉም» ብዬ ብነግርሽ ልጅሽ አንቺንም እኔንም ማመን ትተዋለች። 18 ሲሞላት፣ ትምህርቷን ገፍታ፣ የራሷ ፍላጎት ከሆነ፣ በሕግ የሚሄድበት መንገድ አለ። ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ ነው፤ ግለሰብ ደላላ በሕግ አልተፈቀደለትም። ሥልጠና ወስዳ የብቃት ምዘና ትፈተናለች። ውሉን ራሷ አንብባ ትፈርማለች፤ የአሠሪዋን ስም፣ ከተማውንና ደመወዙን አውቃ ትሄዳለች። የኤጀንሲውን ፈቃድ ወረዳችሁ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ጠይቂ፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት አይተሽ አትመኚ።

እግረ መንገዴን፣ ልጃቸው ሄዳ ላለችባቸው እናቶች ሁሉ የሚሆን አንድ ዘዴ አለ። ከልጃችሁ ጋር የምስጢር ቃል ይኑራችሁ። ላም የሌላችሁ ከሆነ «ቀይዋ ላም ወለደች?» ብላ ከጠየቀች መዳሟ አጠገቧ ቆማለች፣ ችግር ላይ ናት ማለት ይሁን። ስልክ በድምፅ ማጉያ እያስከፈቱ የሚያስወሩ አሠሪዎች አሉ። የፓስፖርቷ ቅጂ፣ የውሉ ቅጂ፣ የኤጀንሲው ስልክ ከእናት ሣጥን አይጥፋ።

አሁን ወደ ዕዳው። ይህን ሁሉ ብዬሽ ዕዳውን ብተወው፣ ሰውየው ከእኔ የተሻለ ረድቶሻል ማለት ነው። መጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 5ን አንብቢ። ከተማ ፈርሷል፣ ረሀብ ነው፣ ግብር አለ። ሰዎቹ እርሻቸውን አስይዘው ጨረሱና ሴቶች ልጆቻቸውን ለባርነት እየሰጡ ልናድናቸው አልቻልንም ብለው ጮኹ። ነህምያ ጩኸቱን ሲሰማ እናቶቹን አልገሠጸም። አበዳሪዎቹንና ሹማምንቱን ሰበሰበና እርሻውን መልሱ፣ ቤቱን መልሱ፣ ወለዱን ተዉ አላቸው። ካህናቱንም ጠርቶ በዚህ አማላቸው።

አንቺ ነህምያ የለሽም። ግን ሰንበቴ አለሽ፣ እድር አለሽ። ለተዝካር ድንኳን የሚተክል እድር፣ በቁም ላለች ልጅ ለምን አይቀመጥም? ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀብርበት እድር እኮ ነው ያለን። ለአበዳሪዎችሽ ሽማግሌ ላኪ፤ አንድ ዓመት ይታገሱሽ። የንስሐ አባትሽ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይሁኑ። ከእቁቡ የመጀመሪያዋን ዕጣ ይልቀቁልሽ። ትንሽ ነገር ነው፣ አውቃለሁ። በ30 ሺህ ብር ልትሄድ የነበረች ልጅ ግን በትንሽ ነገር ትቀራለች። ትምህርቷን ካቋረጠች ትመለስ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ትግባ እንዳልልሽ ዕድሜዋ ገና ነው፤ ደመወዙም የቤት ኪራይ ከፍሎ የሚተርፍ አይደለም።

ዛሬ ማታ ልጅሽን አጠገብሽ አስቀምጫት። ባልሽ ባይኖር ይሻላል። «ዕዳው ያንቺ አይደለም» በያት። ከዚያ በኋላ ዝም በይና እሷ ታውራ።

ሰውየው ጋር ደግሞ ብቻሽን እንዳትሄጂ። አስቀድመሽ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ፖሊስ ጋር ሄደሽ ነገሩን እንዳለ ተናገሪ፤ ገንዘቡንም እነሱ በሚሉሽ መንገድ መልሺ። አንቺ ልክሰስ ይሆን ብለሽ አትፍሪ፤ ነገሩ ሳይፈጸም በፊት የተናገረች እናት ነሽ። ገበያ ላይ አጠገብሽ ከሚሸጡት ሴቶች አንዷን ምስክር ያዢ። ብሩ ሲቆጠር እሷም ትቁጠር። የልደት ካርዷንና ፎቶዎቿን ግን በእጅሽ ሳትቀበዪ ፌስታሉን እንዳትፈቺ።